የፊደል ሰሌዳውን እያነበቡ ማየት ሲቸግራቸው፦ የማኩላ ሕመም የሬቲናን ሥራ እንዴት እንደሚጎዳ በምስል ማየት ይቻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የማኩላ (በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ የሬቲና፣ መካከለኛ ክፍል) ሕመም በሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዳለ፣ ደረቁ ዓይነት እንደሆነና መካከለኛ ደረጃ ላይ እንደሚገኝ ተነግሮናል። ለምርመራ በሄድን ቁጥር የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታችኞቹ መስመሮች ድረስ ስለሚያነቡ ውጤቱ «ጥሩ ነው፣ ክትትሉን ይቀጥሉ» የሚል ነው። ቤት ውስጥ የማየው ግን ሌላ ነው። ከፀሐይ ወደ ክፍል ሲገቡ የበሩን መቃን ይዘው ለረጅም ጊዜ ይቆማሉ። ሲመሽ የደረጃው ጠርዝ አይታያቸውም። መጽሐፍ ሲያነቡም ረጅም ቃል ላይ ሲደርሱ መካከሉ ይጠፋባቸውና ጣታቸውን ከቃሉ ሥር አድርገው ደጋግመው ይመለሱበታል። መብራት ሲቀርብላቸው ይሻላቸዋል።

ሬቲናውን በብርሃን ንብርብር በንብርብር የሚያሳየው ኦሲቲ የሚባለው ምርመራ ተደርጎላቸው ምስሉን አይቼዋለሁ። ከሬቲናው ሥር ድሩዘን የሚባሉ ጉብታዎች እንዳሉ፣ ከበላያቸው ያለው የብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት መስመር ግን «አልተቋረጠም» ተብሎ ተገለጸልን። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያልተቋረጠ ማለት የሚሠራ ማለት ነው? ሕዋሱ በቦታው መኖሩን ብቻ ሳይሆን ለብርሃን ምላሽ መስጠቱን የሚያሳይ ምስል አለ? ኦፕቶሬቲኖግራፊ ስለሚባል ዘዴ በቅርቡ አንብቤአለሁ፤ ለአባቴ የሚጠቅም ከሆነ የትም ወስጄ ላስደርግላቸው ዝግጁ ነኝ።

መልስ፦ የሬቲና ሐኪም

ውድ ጠያቂ፣ ያስተዋሉት ነገር ትክክል ነው፤ አባትዎም አላጋነኑም። የፊደል ሰሌዳው የሚለካው የማኩላን እምብርት ብቻ ነው። ማኩላ በአጠቃላይ 5.5 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ትናንሾቹን ፊደላት የምንለይበት የመካከሉ ነጥብ ግን ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በዚያች ጠባብ ስፍራ ኮን የሚባሉት ሕዋሳት ብቻ ተጠጋግተው ይገኛሉ፤ በደብዛዛ ብርሃን የምናይባቸው ሮዶች እዚያ የሉም። ሕመሙ ቀድሞ የሚያጠቃው ደግሞ በዙሪያዋ ያሉትን ሮዶች ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሟቾች በተለገሡ ዓይኖች ላይ የተደረጉ የሕዋስ ቆጠራዎች በእርጅናም ሆነ በዚህ ሕመም ሮዶች ከኮኖች በፊት እንደሚሳሱ አሳይተዋል። እንግዲህ አባትዎ በደማቅ ብርሃን፣ በነጭ ሰሌዳ ላይ በጥቁር የተጻፈ ፊደል ሲያነቡ የሚፈተነው ገና ያልተነካው ክፍላቸው ነው።

በሩ ላይ የሚቆሙበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሮድ ብርሃን ሲያርፍበት ብርሃን ተቀባይ የሆነው ንጥረ ነገሩ ይፈርሳል፤ መልሶ ለመገንባትም ከሥሩ ካለው የቀለም ሕዋሳት ሽፋን ታድሶ የሚመጣለት የቫይታሚን ኤ ዓይነት ያስፈልገዋል። የቀለም ሕዋሳቱ ደግሞ ቫይታሚኑን የሚያገኙት ከበስተኋላ ካሉት የደም ሥሮች፣ የብሩክ ሽፋን በሚባለው ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ከዕድሜ ጋር ይህ ግድግዳ በስብ ይሞላል፤ በእርሱና በቀለም ሕዋሳቱ መካከልም ድሩዘን ይከማቻል፤ አቅርቦቱም ይዘገያል። ኮኖች በሬቲናው ውስጥ ካሉ ሌሎች ሕዋሳት የሚያገኙት ሁለተኛ የአቅርቦት መንገድ ስላላቸው ከሮዶች የተሻለ ይቋቋማሉ። በጤናማ ዓይን ኮኖች ጨለማን በ10 ደቂቃ ውስጥ ይላመዳሉ፤ ሮዶች ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስድባቸዋል። በዚህ ሕመም የሮዶቹ ጊዜ በእጅጉ ይረዝማል፤ አንዳንድ ጊዜም መዘግየቱ በሬቲናው ላይ ምንም ምልክት ከመታየቱ በፊት ይጀምራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ማኩላቸው ጤናማ ሆኖ ከተገኘ አረጋውያን መካከል ጨለማን ለመላመድ የዘገዩት ከሦስት ዓመት በኋላ ሕመሙ የመታየት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

ለዋናው ጥያቄዎ መልሴ «አይደለም» የሚል ነው። በኦሲቲ ላይ አልተቋረጠም የተባለው መስመር የብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ ሚቶኮንድሪያ (ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጩት ክፍሎች) በብዛት ከተከማቸበት ክፍል እንደሚመጣ ይታመናል። መስመሩ በተቋረጠበት ቦታ ዕይታ መድከሙ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። የዚህ ተቃራኒ ግን ዋስትና የለውም፤ መስመሩ ሳይቋረጥ ሥራው የደከመበት ሬቲና በየቀኑ የምናየው ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ሐኪማቸውን ይጠይቁ፦ ከድሩዘኑ ሌላ፣ ከቀለም ሕዋሳቱ ሽፋን በላይ የሚቀመጠው መረብ መሰል ክምችት አላቸው? በተራ የቀለም ፎቶግራፍ ላይ በቀላሉ ያመልጣል፤ በኦሲቲና በኢንፍራሬድ ምስል ግን ይለያል። ይህ ክምችት ባለባቸው ሰዎች የጨለማ መላመድ በተለይ የዘገየ ሆኖ ይገኛል።

መልስ፦ በዓይን ኦፕቲክስ የምርምር ሥራ ላይ ያለ

ስለ ኦፕቶሬቲኖግራፊ የተጠየቀውን እኔ ልመልስ፤ ዕለት ዕለት የምሠራበት ጉዳይ ነውና ትንሽ ዘርዘር ባደርገው ይቅርታ ይደረግልኝ።

ኦሲቲ በ1991 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ ሲሆን የሰጠን ትልቁ ነገር ሬቲናውን ሳይነኩ በንብርብሩ ልክ ሰንጥቆ ማየት ነበር። ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች በጥልቀት አምስት፣ ስድስት ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚራራቁ ነገሮችን ይለያሉ። ሆኖም ከሬቲናው የሚመለሰው ብርሃን ሁለት መረጃ ይዞ ነው የሚመጣው። አንደኛው ድምቀቱ ነው፤ እናንተ ያያችሁት ጥቁርና ነጭ ምስል ከዚህ የተሠራ ነው። ሁለተኛው የብርሃኑ ሞገድ በመነሣትና በመውደቅ ዑደቱ የትኛው ነጥብ ላይ ሳለ እንደተመለሰ የሚናገረው መረጃ ነው። ክሊኒኩ ለሬቲና መዋቅር ምስል ይህን ሁለተኛውን አይጠቀምበትም። ይሁንና አንጸባራቂው ነገር በጥቂት ናኖሜትር (ናኖሜትር የማይክሮን አንድ ሺህኛ ነው) እንኳ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢል ይህ ቁጥር ይለወጣል። ስለዚህ በድምቀቱ ፈጽሞ ሊታይ የማይችለውን ከማይክሮን በእጅጉ ያነሰ እንቅስቃሴ መለካት ይቻላል።

የሚለካው እንቅስቃሴ ደግሞ ከሕዋሱ ሥራ የመነጨ ነው። እያንዳንዱ የብርሃን ተቀባይ ሕዋስ ጫፉ ላይ ብርሃን የሚይዝ ረዥም ክፍል አለው። ይህ ክፍል ከሥሩና ከጫፉ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ርዝመቱን በሁለቱ ነጸብራቆች ልዩነት ማወቅ እንችላለን። ዓይኑ በሙሉ ቢንቀሳቀስ ሁለቱም አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ልዩነታቸው አይነካም። የሚታይ ብርሃን ብልጭ ሲደረግለት ኮኑ መጀመሪያ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ በአሥር ቤት በሚቆጠር ናኖሜትር ያጥራል፤ ቀጥሎም በሰከንድ ክፍልፋዮች ውስጥ ቀስ እያለ ይረዝማል፤ ብልጭታው ብርቱ ከሆነም መርዘሙ ከመቶ ናኖሜትር ያልፋል። የመጀመሪያው ማጠር ብርሃን የመታቸው ሞለኪውሎች ቅርጻቸውን ሲቀይሩ ከሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ለውጥ ጋር፣ ሁለተኛው መርዘም ደግሞ ብርሃኑ ወደ ነርቭ ምልክት ሲለወጥ ወደ ሕዋሱ ከሚገባው ውኃ ጋር ይያያዛል ተብሎ ይታሰባል። በ2016 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሉቤክ የሚገኝ ቡድን ይህን በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ አሳይቷል፤ ብርሃን ያረፈበት የሬቲና ክፍል ቅርጹን ይዞ በመርዘሙ ካርታ ላይ ወጥቶ ታይቷል። ሕዋሱ መኖሩን ሳይሆን መሥራቱን የሚያሳይ ምስል አለ ወይ ላሉት፣ አለ፤ ኦፕቶሬቲኖግራፊ የሚባለው ይኸው ነው።

ሕዋሶቹን አንድ በአንድ ለመለየት ግን ሌላ ነገር ይጨመራል። ኮርኒያ የሚባለው የዓይናችን የፊት ብርሃን አሳላፊ ሽፋንና ሌንሱ ፍጹም ስላልሆኑ ወደ ሬቲና የሚገባውም የሚወጣውም ብርሃን ይዛባል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የከባቢ አየርን መዛባት ለማረም የሚጠቀሙበትን ቅርጹን የሚለዋውጥ መስታወት ወደ ዓይን ምርመራ አምጥቶ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን የሕያው ሰው ኮኖችን አጥርቶ ማሳየቱን ዘግቧል። አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ ዘዴዎች ሲጣመሩ የእያንዳንዱን ኮን ምላሽ ለየብቻ ማንበብ ተችሏል። በ2021 እ.ኤ.አ. ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ በሚባለው በዘር የሚወረስ የሬቲና በሽታ ሕሙማን ላይ የወጣ ሥራ በቦታቸው ያሉ ኮኖች ምላሻቸው ግን የደከመ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል፤ ጠያቂያችን ያነሡት ነገርም በትክክል ይኸው ነው። በተቃራኒው ደግሞ በአዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ምስል ላይ ጨልመው የሚታዩ ኮኖች ሁሉ ሞተዋል ማለት አይደለም፤ አንዳንዶቹ ብርሃን ሲፈተንባቸው ምላሽ ይሰጣሉ።

እንግዲህ ስለ አባትዎ። በዚህ ዘዴ ላይ ያለኝ ተስፋ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ እርሳቸውን ይዘው ረጅም ጉዞ እንዲሄዱለት አልመክርም። በአንድ ጊዜ የሚታየው ስፍራ ጠባብ ነው። ዓይን ሳይንቀሳቀስ ማተኮር ይፈልጋል፤ ማኩላቸው የተጎዳ ሰዎች የሚቸገሩት ደግሞ በዚሁ ነው። በዚህ ዕድሜ ሌንስ መደብዘዙ የተለመደ በመሆኑም የሚመለሰው ብርሃን ይደክማል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ድሩዘኑ ራሱ ነው፤ ጉብታው ከበላዩ ያሉትን ሕዋሳት ስለሚያዘምማቸው የጫፋቸው ነጸብራቅ ወደ መሣሪያው መመለሱን ያቆማል። ያን ጊዜ ሕዋሱ ምላሽ ነሥቶን ይሁን ብርሃኑ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዶብን መለየት ያስቸግራል። ሮዶች ደግሞ ከኮኖች የቀጠኑ ስለሆኑ ለመለካት ይበልጥ ያስቸግራሉ፤ በዚህ ሕመም ይበልጥ የምንፈልጋቸው ግን እነርሱን ነው።

መልስ፦ በዕይታ ምርመራ ክፍል የምሠራ

ከላይ የተባለውን ሁሉ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ሥራን በምስል ላይ የሚያሳይ ምርመራ ለማግኘት የወደፊቱን መጠበቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ማይክሮፔሪሜትሪ በብዙ የሬቲና ክሊኒኮች አለ። ታካሚው ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አገጩን አስደግፎ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ቀይ ምልክት ይመለከታል፤ ነጥብ ብልጭ ባለ ቁጥር በእጁ የያዘውን ቁልፍ ይጫናል። መሣሪያው በዚያው ሰዓት የሬቲናውን ምስል ያነሣል፤ የደም ሥሮቹን እየተከተለም ዓይኑ ቢንቀሳቀስ እንኳ ብርሃኑን በታሰበለት ነጥብ ላይ ያሳርፋል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው የሬቲናው ፎቶግራፍ ነው፤ በላዩም እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል ደካማ ብርሃን እንዳየ በዴሲቤልና በቀለም ተጽፎበታል። ያንን ካርታ ከኦሲቲው ጋር ስናስተያየው ያልተቋረጠ በተባለው መስመር ላይ የደከሙ ነጥቦች ከድሩዘኑ በላይ ተሰብስበው የምናገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የአባትዎ የሚጠፋባቸው የቃል መካከል በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚወድቅም ከካርታው ላይ መገመት ይቻላል።

ምርመራው ድክመት የለውም አልልም። ታካሚው ሲደክመው ውጤቱ ይወርዳል፤ በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ሥራውን ስለሚለምደው ከፍ ይላል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን ውጤት እንደ መነሻ አድርጎ የሚይዝ ሰው በሽታው የተሻለ ወይም የቆመ ሊመስለው ይችላል። ቁልፍ መጫን የማይፈልግ ምርመራም አለ፤ ብዙ ነጥብ ኤሌክትሮሬቲኖግራም የሚባለው ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ሲሆን፣ ስድስት ጎን ያላቸው 61 ወይም 103 ቅርጾች በስክሪን ላይ ሲበሩና ሲጠፉ የሬቲናውን የኤሌክትሪክ ምላሽ ለየስፍራው ይመዘግባል። ሆኖም በአብዛኛው የሚለካው ኮኖችን በመሆኑ ሐኪሙ ከላይ የጠቀሱትን የሮዶች ጉዳት እምብዛም አይነግረንም።

ከሁሉ የቀለለውና ብዙ የሚረሳው ግን ይህ ነው፦ ያንኑ የፊደል ሰሌዳ ብርሃኑን መቶ እጥፍ በሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያ በኩል ማስነበብ። በደማቅና በደብዛዛ ብርሃን በተነበቡት ፊደላት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ አባትዎ የሚሉት ነገር በቁጥር ተጻፈ ማለት ነው።

መልስ፦ በሕክምና ሙከራዎች ላይ የሚሠራ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ጥያቄው ከአንድ ቤተሰብ ያለፈ ስለሆነ። ደረቁ ዓይነት ወደ መጨረሻው ደረጃ ሲደርስ በማኩላው ላይ ሕዋሳት የሞቱበት ስፍራ ይፈጠራል፤ በየጊዜውም ይሰፋል። ፔግሴታኮፕላን የተባለው በዓይን ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት ይህን መስፋት ያዘገያል፤ አሜሪካም በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች። በዋና ዋናዎቹ ሙከራዎች ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በታካሚዎቹ የማየት አቅም ላይ ግልጽ ልዩነት ሳይታይ ቀረ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም በ2024 እ.ኤ.አ. ያልደገፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የስፍራው መስፋት መቀነሱን አልካደም፣ ለታካሚው የዕለት ኑሮ የሚሰማ ጥቅም መሆኑ ግን አልታየም አለ።

እኔ ከዚህ የምረዳው መድኃኒቱ ከንቱ ነው ማለትን አይደለም። የፊደል ሰሌዳ ዝግ ብሎ ለሚሄድ፣ እምብርቱንም ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ለሚነካ ሕመም የማይመጥን መለኪያ በመሆኑ፣ ጥቅም ቢኖር እንኳ የምናይበት ዓይን አልነበረንም። ሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ሮዶችን አድኖ ከሆነ ሮዶችን የሚለካ ምርመራ በእጃችን ሊኖር ይገባል። ያለዚያ የሚረዱ መድኃኒቶች ሳይታወቁ ይቀራሉ፤ የማይረዱትም ይፈቀዳሉ። አረጋውያን ዓይናቸውን ለመርፌ የሚሰጡት ሳያስፈልግ መሆን የለበትም።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባቴ «እኔ ነኝ የማበዛው» ማለት ጀምረው ስለነበር ይህን ሁሉ አንብቤላቸዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ፋይላቸው ውስጥ አውቶፍሎረሰንስ የተባለ ጥቁርና ግራጫ ምስል አገኘሁ፤ በአንድ በኩል ብሩህ ነጠብጣቦች ይታዩበታል። ይህ የሥራ ምስል ነው ወይስ የመዋቅር? በሚቀጥለው ቀጠሮስ ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ የሬቲና ሐኪም

አባትዎ እንዳላበዙት በእኔ ስም ይንገሩልኝ።

አውቶፍሎረሰንስ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት በቀለም ሕዋሳቱ ውስጥ የተጠራቀመው ሊፖፈስሲን የተባለ ዝቃጭ ራሱ ያበራል። ሕዋሱ የሞተበት ስፍራ ጥቁር ይሆናል፤ ብሩህ ነጠብጣብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጭንቀት ላይ ያሉ ሕዋሳትን ይጠቁማል፤ በጥቁሩ ስፍራ ዳር ከታየ ስፍራው ወደዚያ ሊሰፋ እንደሚችል ያመለክታል። ስለ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ ምላሽ ግን በቀጥታ የሚናገረው ነገር የለም። በእርሳቸው ፋይል ጥቁር ስፍራ አለመጠቀሱን ልብ ብዬአለሁ፤ ያ ደግ ነገር ነው።

በቀጠሮው ላይ የጨለማ መላመድ ምርመራ እንዳለ ይጠይቁ። ከሌለ በጥቁር ማጣሪያ የሚደረገውን ንባብ፣ ማይክሮፔሪሜትሪም በክሊኒኩ ካለ እርሱን ይጠይቁ፤ ማይክሮፔሪሜትሪው ባልደረባዬ ባሉት ምክንያት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደረግላቸው። መካከለኛ ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው የኤሬድስ ሁለት ቀመር፣ ማለትም ቫይታሚን ሲና ኢ፣ ሉቲን፣ ዚያዛንቲን፣ ዚንክና መዳብ ያለበት፣ ለእርሳቸው ይስማማ እንደሆነ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። የሚያጨሱ ከሆነ ማቆማቸው ከማንኛውም ክኒን ይቀድማል። ቤት ውስጥ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ እየሸፈኑ ባለ መስመር ሰሌዳ ይመልከቱ፤ ቀጥ ያለው መስመር በድንገት ከተጣመመ ወይም መካከሉ ላይ አዲስ ጥላ ከወደቀ እርጥቡ ዓይነት፣ ማለትም ከሬቲናው ሥር የበቀሉ ደካማ የደም ሥሮች ፈሳሽ የሚያፈስሱበት፣ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በቀናት ውስጥ ይውሰዷቸው፤ እርሱ በመርፌ የሚታከም ሲሆን በዘገየ መጠን የሚመለሰው ዕይታ ያንሳል።

የምርመራዎቹን ቅደም ተከተልም አደራ እላለሁ። የጨለማ መላመዱና ማይክሮፔሪሜትሪው ፎቶግራፍ ከመነሣቱና ዓይናቸው በደማቅ መብራት ከመታየቱ በፊት ይደረጉ፤ የካሜራው ብልጭታ ያፈዘዘውን ዓይን መለካት የሕመሙን ሳይሆን የብልጭታውን ውጤት ያሳያችኋልና።